የብየዳ ጥንካሬና መጠን ስሌት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ይሄ ብየዳ ይችላል?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ የብዙ ሰው መልስ «ትንሽ አወፍረው» ነው። አንዳንዴ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ግን ኤሌክትሮድና ሰዓት ከማባከን ያለፈ ጥቅም የለውም። ብየዳ ጭነት መቻል አለመቻሉ ከውፍረቱ ይልቅ በርዝመቱ፣ በአቀማመጡና ጭነቱ ከየት በኩል በሚመጣበት ይወሰናል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች በአብዛኛው እዚሁ ነጥብ ላይ ያጠነጥናሉ።

ስናሰላ የምንለካው የብየዳውን የትኛውን ክፍል ነው?

ከፊሌት ብየዳ እንነሳ፤ በብዛት የሚሠራው እሱ ስለሆነ። ሁለት ብረቶች ሲደራረቡ ወይም በቲ ቅርጽ ሲገናኙ ማዕዘኑ ላይ የሚሞላው ብየዳ ነው። ቆርጣችሁ ብታዩት ሦስት ማዕዘን ይመስላል። በብረቶቹ ላይ ያረፉት ሁለት ጎኖች «እግር» ይባላሉ። ከውስጠኛው ማዕዘን ተነስቶ እስከ ብየዳው ፊት ያለው አጭሩ ርቀት ደግሞ «ጉሮሮ» ነው። ለስሌት የሚያዘው ጉሮሮው ነው። በጣም ቀጭኑ ቦታ እሱ ስለሆነ ኃይል ሲበዛበት የሚበጠሰው እዚያ ነው ተብሎ ይወሰዳል።

ሁለቱ እግሮች እኩል ከሆኑ ጉሮሮው የእግሩ 0.707 ነው። የ6 ሚሊ ሜትር እግር 4.24 ሚሊ ሜትር ጉሮሮ ይሰጣል፤ የ8ቱ 5.66፣ የ10ሩ 7.07።

ፊቱ ላይ አብጦ የወጣው ትርፍ ብረት አይቆጠርም። ፊቱ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ከሆነ ግን እግሩን ብቻ መለካት ያታልላል። እግሩ 8 ሆኖ ጉሮሮው 4 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለጎድጓዳ ብየዳ መለኪያውን መሃሉ ላይ አሳርፉት፤ ጉሮሮውን በቀጥታ ለኩ።

ስዕሉ ላይ 5 ይላል። እግር ነው ጉሮሮ?

ይህ ጥያቄ ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ከባድ ነው። የአሜሪካ ስዕሎች ላይ የሚጻፈው እግሩ ነው። በአውሮፓ አሠራር በተሣሉት ላይ ከቁጥሩ በፊት ፊደል ይኖራል፦ «ኤ» ከሆነ ጉሮሮ፣ «ዜድ» ከሆነ እግር። ጉሮሮው 5 እንዲሆን የታዘዘ ብየዳ እግሩ ወደ 7 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። በያጁ 5ቱን እግር ነው ብሎ ከሠራው ጉሮሮው 3.5 ብቻ ይሆናል። ጥንካሬው በ30 በመቶ ገደማ ወረደ ማለት ነው፤ በዓይን ሲታይ ግን ምንም ችግር የለበትም። ፊደሉ ካልተጻፈ ሥራ ሳትጀምሩ ስዕሉን የሠራውን ሰው ጠይቁ።

ቀላሉ ስሌት እንዴት ይሠራል?

ኃይሉን ለጉሮሮው ስፋት ማካፈል ነው፤ ስፋቱ ደግሞ ጉሮሮ ሲባዛ በርዝመት ነው። የሚገኘውን ውጤት፣ ማለትም ጫናውን፣ ከተፈቀደው ጋር ማወዳደር ብቻ ይቀራል።

አንድ ምሳሌ እንይ። ወርዱ 80፣ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ብረት ወፍራም ላሜራ ላይ ተደርቦ በሁለት ጎኑ ተበይዷል። እያንዳንዱ መስመር 100 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ እግሩ 6 ነው። ብረቱ በርዝመቱ ይጎተታል። የጉሮሮው ስፋት 4.24 × 100 × 2 = 848 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ7018 ኤሌክትሮድ ከተበየደ የሚፈቀደው ጫና 145 ሜጋፓስካል ነው። አንድ ሜጋፓስካል ማለት በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር አንድ ኒውተን ስለሆነ ማባዛት ብቻ ነው፦ 848 × 145 ወደ 123,000 ኒውተን፣ ማለትም 123 ኪሎኒውተን ይመጣል። 12 ቶን ተኩል ገደማ ክብደት ነው።

መነሻውና መድረሻው ላይ ብየዳው ሙሉ ጉሮሮ አይኖረውም። ዩሮኮድ 3 የተባለው የአውሮፓ የብረት ግንባታ ደንብ በዚህ ምክንያት ከያንዳንዱ መስመር ሁለት ጉሮሮ ያህል ርዝመት ይቀንሳል። ያንን ካደረግን 112 ኪሎኒውተን አካባቢ እንደርሳለን።

አሁን ብረቱን ራሱን እንይ። ስፋቱ 80 × 8 = 640 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ላይመለስ መለጠጥ የሚጀምረው በ235 ሜጋፓስካል ከሆነ፣ ያንን ለመጠባበቂያ ለ1.67 ስናካፍል ወደ 140 ይመጣል። 640 × 140 ደግሞ 90 ኪሎኒውተን ነው። ብረቱ ከብየዳው ቀድሞ እጅ ይሰጣል ማለት ነው። ብየዳውን 8 ወይም 10 ብታደርጉት አንዲት ኪሎ አትጨምሩም። ለዚህ ነው «ብየዳው ይችላል?» ከማለት በፊት «ብረቱስ ይችላል?» ብሎ መጠየቅ የሚያዋጣው።

እግረ መንገድ፦ ጠፍጣፋ ብረት በሁለት ጎኑ ብቻ ሲበየድ የያንዳንዱ መስመር ርዝመት ከብረቱ ወርድ እንዳያንስ ይመከራል። ካጠረ ኃይሉ ወደ ጠርዞቹ ይሰበሰብና የብረቱ መሃል ሥራ ይፈታል። በኛ ምሳሌ 100 ከ80 ስለሚበልጥ ደህና ነን።

145 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ?

ከኤሌክትሮዱ ነው። 7018 ላይ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ብየዳው ሲጎተት የሚበጠስበትን አነስተኛ ጥንካሬ ይናገራሉ፦ 70 ሺህ ፓውንድ በካሬ ኢንች፣ ወይም ወደ 482 ሜጋፓስካል። ብረት ሲንሸራተት የሚችለው ሲጎተት ከሚችለው 0.6 ያህሉን ነው። የፊሌት ጉሮሮ ደግሞ ኃይሉ ከየትም ይምጣ በሸር፣ ማለትም በዚህ መንሸራተት፣ እንደሚሠራ ተደርጎ ይሰላል። ከዚያ ለመጠባበቂያ ግማሹ ይተዋል። 482 × 0.6 ÷ 2 ወደ 145 ይመጣል። በተለመደው 6013 ኤሌክትሮድ ቁጥሩ 124 ነው፤ 60ዎቹ ወደ 414 ሜጋፓስካል ስለሚሆኑ። ይህ የአሜሪካ የብረት ግንባታ ደንብ የሚከተለው መንገድ ነው፤ የምታወዳድሩት ከእውነተኛው፣ ምንም ካልተጨመረበት ጭነት ጋር ነው።

ዩሮኮድ 3 ሌላ በር ይከፍታል። የሚነሳው ከኤሌክትሮዱ ሳይሆን ከሚበየደው ብረት ጥንካሬ ነው። ለኤስ 235 ብረት (ቅድም ያየነው፣ በ235 ሜጋፓስካል ላይመለስ መለጠጥ የሚጀምረው) ሲጎተት የሚበጠስበት 360 ሜጋፓስካል ለ1.73፣ ለ0.8 እና ለ1.25 ይካፈልና ወደ 208 ይመጣል። «208 ከ145 ይበልጣል፤ ዩሮኮድ ይሻለኛል» የሚል አይጠፋም። አይሆንም! በዩሮኮድ ጭነቱ ራሱ አስቀድሞ ያድጋል፦ ቋሚው ክብደት በ1.35፣ ተንቀሳቃሹ በ1.5 ይባዛል። የአንዱን ደንብ ጭነት ከሌላው ደንብ ጥንካሬ ጋር መቀላቀል ወረቀት ላይ ሁሉንም ነገር የሚችል ብየዳ ይሰጣችኋል። አንዱን ይዛችሁ እስከ መጨረሻው ሂዱ።

ጭነቱ ከብየዳው ርቆ ሲንጠለጠልስ?

ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። ብዙ ብየዳ የሚበጠሰው በኃይሉ ብዛት ሳይሆን በርቀቱ ነው።

አንድ ብራኬት አስቡ። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ በጠርዙ ቆሞ ቋሚ ብረት ላይ ተበይዷል፤ ግራና ቀኙ ላይ ከላይ እስከ ታች ሁለት መስመር አለው። የመስመሩ ቁመት 150 ሚሊ ሜትር ነው። 20 ኪሎኒውተን፣ ማለትም ወደ 2 ቶን የሚጠጋ ጭነት፣ ከብየዳው 120 ሚሊ ሜትር ርቆ ወደ ታች ይጫናል።

የብየዳውን መጠን ገና ስለማናውቅ ውፍረቱን ለጊዜው እንርሳውና እንደ መስመር እንቁጠረው። ያን ጊዜ የምናገኘው በአንድ ሚሊ ሜትር ርዝመት ላይ የሚያርፈውን ኃይል ነው። መጀመሪያ ቀጥተኛው፦ 20,000 ኒውተን ለ300 ሚሊ ሜትር ጠቅላላ ርዝመት ሲካፈል 67 ኒውተን በሚሊ ሜትር ይሆናል። እዚህ ላይ ያቆመ ሰው በጣም ደስተኛ ነው።

ቀጥሎ ሞመንቱ፣ ማለትም ኃይሉ በርቀቱ ተባዝቶ የሚፈጥረው የማጠፍ ጉልበት፣ ይመጣል፦ 20,000 × 120 = 2,400,000 ኒውተን ሚሊ ሜትር። ይህን የሚሸከመው የመስመሮቹ ቅርጽ ነው። ለሁለት ቋሚ መስመሮች የቅርጹ ቁጥር ቁመቱ በራሱ ተባዝቶ ለ3 ሲካፈል ነው፦ 150 × 150 ÷ 3 = 7,500 ካሬ ሚሊ ሜትር። ሞመንቱን ለዚህ ስናካፍል 320 ኒውተን በሚሊ ሜትር እናገኛለን። ከቀጥተኛው ወደ 5 እጥፍ ሊጠጋ ነው!

ሁለቱ ኃይሎች አቅጣጫቸው ይለያያል። አንዱ ወደ ታች ይስባል፤ ሌላው የላይኛውን ጫፍ ከቋሚው ብረት ይነቅላል። ስለዚህ በቀጥታ አይደመሩም። እያንዳንዱን በራሱ አባዝታችሁ ደምሩና ስኩዌር ሩት አውጡ፤ 327 ይመጣል። ይህን ለ145 ስናካፍል 2.26 ሚሊ ሜትር ጉሮሮ፣ ያንን ለ0.707 ስናካፍል 3.2 ሚሊ ሜትር እግር ይወጣል። በ6013 ከሆነ 3.7 ይሆናል። በሁለቱም 4 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ሆኖም ለ10 ሚሊ ሜትር ላሜራ ከ5 በታች አይበየድም፤ ምክንያቱን ሁለት ጥያቄ ወረድ ብላችሁ ታገኙታላችሁ።

አሁን ቁመቱን ከ150 ወደ 200 ከፍ አድርጉትና እንደገና አስሉት። ቀጥተኛው 50፣ የሞመንቱ 180፣ ድምሩ 187 ይሆናል። ርዝመቱ በአንድ ሦስተኛ ጨመረ፤ ኃይሉ ግን በ43 በመቶ ወረደ። ቁመት በራሱ ስለሚባዛ ነው። ብራኬት ሲሠራ ከሁሉ በፊት መጫወት ያለባችሁ በዚህ ቁጥር ነው፤ ጭነቱን ወደ ብየዳው ማስጠጋት ከቻላችሁ ደግሞ የበለጠ።

ላሜራው ከቋሚው ብረት ፊት ላይ ተለጥፎ፣ ብየዳው ዙሪያውን ከሆነና ጭነቱ በጎን ከተንጠለጠለ ነገሩ ይለያል። ያኔ ብየዳው የሚጠመዘዘው በራሱ ጠለል ላይ ነው። ሥራው ያው ሆኖ የቅርጹ ቁጥር ሌላ ነው፤ መታየት ያለበትም ከመሃሉ በጣም የራቀው ጥግ ነው።

ጥንካሬ ለመጨመር ላወፍረው ወይስ ላስረዝመው?

ቦታ ካለ አስረዝሙት። እግሩን ከ6 ወደ 8 ስታሳድጉት ጥንካሬው በ33 በመቶ ይጨምራል፤ የሚፈሰው ብረት ግን በ78 በመቶ፤ የሦስት ማዕዘኑ ስፋት ከ18 ወደ 32 ካሬ ሚሊ ሜትር ስለሚሄድ። ከ6 ወደ 12 ከሆነ ደግሞ ለእጥፍ ጥንካሬ አራት እጥፍ ብረት ትከፍላላችሁ። ርዝመቱን እጥፍ ካደረጋችሁት ግን ብረቱም ጥንካሬውም እኩል እጥፍ ነው። ወፍራም ብየዳ ሌላም ዕዳ አለው፦ ብዙ ሙቀት ይገባና ብረቱ ይጣመማል።

ማስረዘምም ገደብ አለው። በኃይሉ አቅጣጫ የሄደ ብየዳ ርዝመቱ ከእግሩ 100 እጥፍ ካለፈ ጫፎቹ ሲለፉ መሃሉ ይዝናናል። የአሜሪካው ደንብ ከዚያ በኋላ የሚቆጠረውን ርዝመት መቀነስ ይጀምራል።

ስሌቱ 3 ሚሊ ሜትር እያለ ደንቡ ለምን 5 ይላል?

ጉዳዩ ጭነት ሳይሆን ሙቀት ነው። ወፍራም ላሜራ ላይ ትንሽ ብየዳ ስታስቀምጡ ብረቱ ሙቀቱን ባንዴ ይጠጣዋል። ብየዳው በቶሎ ይቀዘቅዝና ይደርቃል፤ የመሰንጠቅ ዕድሉም ይጨምራል። ስለዚህ የአሜሪካው ደንብ ከሁለቱ ብረቶች ቀጭኑን አይቶ ዝቅተኛ እግር ያስቀምጣል፦ እስከ 6 ሚሊ ሜትር ላለው 3፣ እስከ 13 ላለው 5፣ እስከ 19 ላለው 6፣ ከዚያ በላይ 8 ሚሊ ሜትር። ዩሮኮድ በበኩሉ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ጉሮሮ አይቀበልም።

ላይኛው ገደብም አለ። ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ላሜራ ጠርዝ ላይ ስትበይዱ እግሩ ከውፍረቱ በ2 ሚሊ ሜትር እንዲያንስ ተዉት። ጠርዙ ከቀለጠ የእግሩን ትክክለኛ መጠን ማንም ሊለካው አይችልም።

ብየዳው ለኃይሉ ተሻጋሪ ቢሆን ጥንካሬው ይለያያል?

አዎ፣ ብዙ። ለኃይሉ ተሻጋሪ የሆነ ፊሌት በኃይሉ አቅጣጫ ከሄደው 1.5 እጥፍ ያህል ይችላል። ነገር ግን ብዙም ሳይለጠጥ ነው የሚበጠሰው። ብዙ ሰው ይህን ጭማሪ ትቶ ሁሉንም እንደ ደካማው ያሰላል። እኔም እዚያ ነኝ፤ ስሌቱ ይቀላል፣ ስህተቱም ወደ ደህናው ወገን ነው።

ጫፍ ለጫፍ የሚገናኝ ባት ብየዳ እንዴት ይሰላል?

ሙሉ ውፍረቱን ዘልቆ ከገባና ኤሌክትሮዱ ለብረቱ የሚመጥን ከሆነ ለብቻው አይሰላም። የሚሰላው ላሜራው ነው። በከፊል ብቻ ከገባ ግን ጉሮሮው የገባበት ጥልቀት ነው፤ ከዚያ እንደ ፊሌት ትሄዳላችሁ።

የቲ መገናኛን በአንድ ጎን ብቻ መበየድ ይቻላል?

ለቀጥተኛ ሸር ይቻል ይሆናል። ላሜራው ወደ ጎን የመታጠፍ ዕድል ካለው ግን አይሞከርም። ያልተበየደው ወገን እንደ መጽሐፍ ገጽ ይከፈታል፤ ኃይሉ ሁሉ በብየዳው ስር ባለችው ቀጭን ጥግ ላይ ይወድቃል። ያቺን ጥግ ደግሞ ከውጭ ማየት አይቻልም። ከአንድ ጎን 8 ከመበየድ ከሁለት ጎን 4 መበየድ በስሌት እኩል ጉሮሮ ነው፤ ብረቱ ግን በግማሽ ይቀንሳል፣ መገናኛውም አይከፈትም።

ጭነቱ የሚመላለስ ከሆነ ያው ስሌት ይሠራል?

አይሠራም። የሚንቀጠቀጥ፣ የሚነሳና የሚወርድ፣ የሚሽከረከር ነገር ላይ ብየዳ ከሚችለው በታች በሆነ ጫና ቀስ በቀስ ይሰነጠቃል። የብረት ድካም ይባላል። ልዩነቱን በቁጥር ለማየት ያህል፣ በዩሮኮድ የፊሌት ስር ለ2 ሚሊዮን ምልልስ የሚሰጠው ደረጃ 36 ሜጋፓስካል ነው። ቅድም ስለ 145 እናወራ እንደነበር አትርሱ።

ሁለት ነገር ብዙ ሰው ያስገርማል። አንደኛ፣ ጠንካራ ብረት መግዛት ለድካም አይረዳም። ስንጥቁ የሚነሳው ከብየዳው ጠርዝ ወይም ከስሩ ነው፤ እሱ በሁሉም ብረት ላይ ያው ነው። ሁለተኛ፣ የጫናውን መዋዠቅ በግማሽ ብትቀንሱት ዕድሜው በግማሽ ሳይሆን ወደ 8 እጥፍ ይረዝማል።

ሦስተኛውንና ከባዱን ነገር የሚያሳየው አሌክሳንደር ኤል. ኪላንድ የተባለው መድረክ ነው። በሰሜን ባሕር ላይ ለነዳጅ ሠራተኞች ማደሪያ ሆኖ ይሠራ ነበር። መጋቢት 1980 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ማዕበል ውስጥ እያለ ከአምስቱ እግሮቹ አንዱ ተገነጠለና ተገለበጠ። ከ212 ሰዎች 123ቱ ሞቱ። ምርመራው የደረሰው አንዲት የ6 ሚሊ ሜትር ፊሌት ብየዳ ላይ ነው። ብየዳዋ መድረኩን አትሸከምም ነበር፤ የድምፅ መቀበያ መሣሪያ መያዣን ከዋናው ማያያዣ ቱቦ ጋር ብቻ ነበር የምታገናኘው። ስንጥቁ ከሷ ተነስቶ ቱቦውን ዞረው። ስለዚህ ዋና ተሸካሚ ብረት ላይ «ትንሽ ነገር ነው» ተብሎ የምትለጠፍ ማንጠልጠያም የስሌቱ አካል ናት።

ስሌቱ ልክ ሆኖ ብየዳው የሚሰበረው ለምንድን ነው?

ስሌቱ ብየዳው ከብረቱ ጋር ተዋህዷል ብሎ ስለሚያምን ነው። ዝገት፣ ቀለም ወይም ቅባት ላይ ከተበየደ፣ ኤሌክትሪኩ ካነሰ፣ ጠርዙ ላይ ቦይ ከተቆፈረ ያ እምነት ይፈርሳል። 7018 ደግሞ እርጥበት አይወድም። ፓኬቱ ከተከፈተ በኋላ ቢያንስ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ምድጃ ይቀመጣል፤ ውጭ ከ4 ሰዓት በላይ ከቆየ የአሜሪካው የብየዳ ደንብ መልሶ ሳይደርቅ እንዲበየድበት አይፈቅድም። ከእርጥበቱ የሚመጣው ሃይድሮጅን ብየዳው ከቀዘቀዘ በኋላ፣ አንዳንዴ በማግስቱ ጭምር ይሰነጥቀዋል። ሥራው ባለቀ ሰዓት አይታችሁ «ንጹህ ነው» ያላችሁት ሌላ ቀን ላይሆን ይችላል።

ቀድሞ የተበየደ ነገር አለኝ። ምን ያህል እንደሚችል ማስላት እችላለሁ?

በግምት ይቻላል። ስላጉን (ብየዳው ላይ የደረቀውን ቅርፊት) እና ቀለሙን አጽዱ፤ ሁለቱን እግሮችና ጉሮሮውን በተለያየ ቦታ ለኩ፤ ትንሹን ቁጥር ያዙ። የተቆራረጠውንና ጉድጓድ ያለበትን ርዝመት አትቁጠሩ። በምን ኤሌክትሮድ እንደተበየደ ካልታወቀ ከ60ዎቹ በላይ አትገምቱ። ስሩ ግን አይታይም፤ ስንጥቅ ውስጥ በሚሰርግ ቀለም የሚደረግ ምርመራም የሚያሳየው ፊት ላይ የወጣውን ስንጥቅ ብቻ ነው። ብየዳው ሰው የሚቆምበት፣ ዕቃ የሚያነሳ ወይም ግፊት የሚይዝ ነገር ከሆነ ከዚህ በኋላ ያለው የመሐንዲስና የመርማሪ ሥራ ነው። ለመደርደሪያ ከሆነ ግን ጎኑ ላይ በቂ ርዝመት ያለው አዲስ ብየዳ ጨምሩና አሮጌውን ከሂሳብ አውጡት።